ከዐሥራ ስምንት በታች አይገባም

በእኛ አገር ሰው ዕድሜ የሚኖረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ስትሄድ እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ ጆሮህን ከነካህ፣ በቃ፣ ሰባት ሞላህ። መታወቂያ ስታወጣ ሽማግሌ ይመሰክርልሃል። እኔ በዐሥራ አምስቴ ሥራ ፈልጌ ቀበሌ ስሄድ፣ ሽማግሌዎቹ ቁመቴን ሽቅብ አይተው ዐሥራ ስምንት አደረጉኝ። ሦስት ዓመት በአንድ ጠዋት! ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ትምህርት እንኳ እንዲህ አልፈጠነልኝም።

እንግዲህ አምና ጅጅጋ ላይ አካባቢያችንን ስለመታው ድርቅ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በአዳራሽ ሲታይ፣ ዕድሜው ያልደረሰውን ከበር እንዲመልስ የተቀጠረው ማን ይመስላችኋል? እኔው! የሚሰቀጥጥ ነገር ስላለው ልጅ እንዳያየው ተብሎ ማስታወቂያው ላይ 18 በቀይ ተጽፏል። ሥልጣን እንደ ጫት ነው፤ ምርቃናው ይቀድማል፣ ዱካኩ ይከተላል።

ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ልጅ መጣች። ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ቢሆናት ነው። ከጉናጋዶ በኩል ድርቁ አፈናቅሏት አክስቷ ዘንድ የተጠጋች ናት። በሶማሊኛ ዕድሜዋን ጠየቅኳት። «አቦዌ» አለችኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ «ስንት መሆን አለበት?»

ሳቅኩ። ስቄም ከበር መለስኳት።

አልሄደችም። ለካ ፊልሙ ሲቀረጽ እናቷን ቀርጸዋት ኖሯል። እናቷ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየች። ልጅቷ ፎቶዋ የላትም፤ መልኳም እየጠፋባት ነው። «ፊልሙ ላይ ፍየሎቹ ሲሞቱ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ የእናቴን ድምፅ ስሰማ ብቻ እገልጣለሁ» ብላ ለመነችኝ።

ገብቼ ፊልሙን ያሠራውን አለቃዬን ላስገባት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆችም አሉት። «አንተ ደግሞ! ልጅ እኮ ናት፣ ትረበሻለች» አለኝ። እዚያው ውላ ያደረችበትን ነገር ብታየው ምን ይጨምርባታል? ይህን ማለት ነበረብኝ።

ይልቅ «እኔ አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳትና የእናቷን ምልክት ጠይቄ ገባሁ። እናቷን አገኘኋት፤ ልጅቷ እንዳለችው ቢጫ ሻሽ አስራ ከደረቀ ኩሬ ዳር ቆማለች። አንዲት ትንሽ ልጅ ወገቧን አቅፋታለች፤ የልጅቷ ፊት ግን ሆን ተብሎ ደብዝዟል። አለቃዬን ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «የሕፃን ፊት አናሳይም፤ ለደኅንነቷ ነው» አለኝ በኩራት።

ስወጣ ልጅቷ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋለች።

«ትስቃለች?»

«ትስቃለች» አልኳት። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

«እኔስ? አቅፌያት ነበር፤ አለሁ?»

«አለሽ» አልኳት፣ ወደ ማስታወቂያው እያየሁ።

አያችሁ ጥንቃቄያችንን? እናቷን እንዳታይ ጠበቅናት፤ ከእናቷ ጋር እንዳትታይም ጠበቅናት። ያልጠበቅናት ከድርቁ ብቻ ነው።