ከመስከረም ቅጂ የተመለሰ ትዳር

የአገሬ ሰው በማስቀመጥ አይታማም። ወረቀቱን በጨርቅ፣ ጨርቁን በሣጥን፣ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ያኖራል። ጣጣው ያስቀመጡትን መልሶ ማውጣቱ ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ፤ ኮምፒውተር ለብቻው የተማረ ሰው አመሉ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በሚመዘግብ አንድ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። መዝገቡ በሙሉ ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ላይ ነው። የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ በየሳምንቱ አንሥተን በሌላ ዲስክ እናኖራለን። እናኖራለን ስል፣ ማኖር ነበረብን ማለቴ ነው። ኃላፊያችን ጋሽ አዳነ «የሕዝብ አደራ ነው!» ብለው ዲስኩን እንደ ንዋየ ቅድሳት ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን አስቆለፉት፤ ቁልፎቹንም ለሦስት ሰው አደሉ። አንዱ ሲመጣ አንዱ ስልጠና፣ አንዱ ለቅሶ። ሦስቱ አንድ ላይ የተገኙት በመስከረም ብቻ ነው። ዲስኩ ከሌባ ዳነ። ከእኛም ዳነ።

በጥር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩን አቃጠለው።

«ቅጂው አለ አይደል? ገልብጠዋ!» አሉኝ ጋሽ አዳነ፣ ጠላ ከጋን ወደ ጋን እንደሚገለበጥ ሁሉ። አይገለበጥም! በውሰት ያገኘነው ሰርቨር ሶፍትዌሩ የቆየ ነው። የአሮጌውን ቅጂ አዲሱ ያነበዋል፤ የአዲሱን ግን አሮጌው አያነበውም፤ ፊደል ቆጣሪ ቅኔ ይፍታ እንደማለት ነው። እሱን ሳድስ ሁለት ቀን ሄደ። ቀጥሎ ቦታ ጠበበ። ቅጂ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ በኬሻ የታጨቀ ጭድ ሲፈታ ግቢ እንደሚሞላው፣ ይኸም ሲዘረጋ የሰርቨሩን ዲስክ ሞልቶ ፈሰሰ። ማን እንደጫነው የማይታወቅ የፊልም ክምር ሰርዤ ቦታ ከፈትኩ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ይህ የሚመልሰን ወደ መስከረም ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ውስጡ የለም» አልኳቸው። እሳቸው ግን በስልክ «ሥራ ጀምረናል» እያሉ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ታንጉት ከእጮኛዋ ጋር መጣች። ሠርጓ እሑድ ነው፤ ጋብቻዋን ልታስመዘግብ ነው። ስሟን ጻፍኩ። ያገባች፤ ባል ውበቱ ይላል።

«ውበቱንማ በኅዳር ፈትቼዋለሁ! እዚሁ፣ አንተው መዝግበኸው!»

«ኮምፒውተሩ ገና መስከረም ላይ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ጥር ላይ ነኝ!»

እጮኛዋ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። ታንጉት የፍርድ ቤቱን የፍቺ ወረቀት ይዛለች፤ ጋሽ አዳነ ግን ፍቺው እንደገና ሲመዘገብ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል አሉ። ውበቱ ያለው አንበሳሜ ከተማ ነው። ተደወለለት፤ ዓርብ ጠዋት መጣ። «ለፍቺ ትፈለጋለህ» መባሉን የሰሙ ሁለት ሽማግሌዎችም አብረውት መጡ፤ ገና ሳይቀመጡ ማስታረቅ ጀመሩ።

«አባቶቼ፣ እነዚህ እኮ ተፋትተዋል» አልኩ።

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ሊፋቱ።»

ስለ ቅጂ አመላለስ ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። አንደኛው ሽማግሌ በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ «ልጄ፣ ባሏ ነው ወይስ አይደለም?» አሉ።

«በሰርቨሩ ነው፤ በእውነቱ አይደለም።»

«ኧረ በሥላሴ!» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ተፈረመ። ውበቱ እስክሪብቶውን ሲመልስልኝ፣ «ይሄኛው ፍቺ ይሻላል፤ ያኔ ተጣልተን ነበር» አለ። ወዲያው የታንጉትን አዲስ ጋብቻ መዘገብኩ፤ የምስክር ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። ልትወጣ ስትል ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«ቆይ፣ ወደኋላ መመለሱን ካወቃችሁበት፣ ዘጠኝ ዓመት ጨምራችሁ ከፊተኛው ሠርጌ በፊት ብታወርዱኝ ምን ነበረበት?»

«አይሆንም እትዬ፤ ቅጂ ወደተነሣበት ቀን እንጂ ወደፈለግንበት አንመለስም። ያን ጊዜ ያነሣ ሰው የለም» ብዬ ማስረዳት ስጀምር፣ ውበቱ ከበሩ ዞር አለና፣

«ምናልባት ቅጂው ከተገኘ፣ እኔንም ጥሩኝ» አለ።