ሰባት ሺህ አንድን እኩል ስለማካፈል

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 (የተጠራው ለ2፡00 ነበር)
ቦታ፦ የካ አባዶ፣ የነዋሪዎች የውኃ ፈረቃ ኮሚቴ አዳራሽ
የተገኙ፦ አቶ ገረመው (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ፀሐይነሽ (የሾላ ገበያ ነጋዴ)፣ መምህር ሊባኖስ (የሒሳብ አስተማሪ)፣ አብኔዘር (ጸሐፊ)
ያልተገኙ፦ አቶ ሙኽታር፣ ጀሪካን ጭነው ውኃ ፍለጋ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ድረስ በመሄዳቸው

ከአምስቱ አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የቤት ቁጥር 7,001 ነዋሪና የሁለት ወር መንታ እናት የሆኑት ወ/ሮ ደሪቱ በባለጉዳይነት ቀርበዋል።

አጀንዳ 1፦ 7,001 ቤቶች ከቦኖ የሚቀዱበትን ቀን በሳምንቱ ሰባት ቀናት እኩል ስለማካፈል

ሰብሳቢው ለየቀኑ 1,000 ቤት ተደልድሎ አንድ ቤት መትረፉን፣ እሱም በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው የወ/ሮ ደሪቱ ቤት ስለሆነ ቀን እንደማይኖረው አብራርተዋል። ወ/ሮ ደሪቱ፣ «ጋሼ ገረመው፣ አንዱን ቀን 1,001 ብንሆን ምን ይጎድላል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው 1,001 ከ1,000 እኩል ስላልሆነ ጥያቄው የእኩልነትን መርሕ እንደሚጥስ ገልጸዋል።

ወ/ሮ ፀሐይነሽ ፈረቃው በስምንት ቀን እንዲዞር ሐሳብ አቀረቡ። ሲሰላ ለየቀኑ 875 ደርሶ አንድ ተረፈ። በአምስት ተሞከረ፤ አንድ ተረፈ። በአሥርም አንድ ተረፈ። ወ/ሮ ፀሐይነሽ «ይቺ ሴትዮ የትም ብንሄድ ትከተለናለች!» ማለታቸው በራሳቸው ጥያቄ ተመዝግቧል።

መምህር ሊባኖስ 7,001 ብቸኛ ቁጥር እንደሆነ፣ ይኸውም ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም እኩል እንደማይካፈል፣ የሚተርፈውም አንድ የማንም ስም እንዳልተጻፈበት አስረዱ። ሰብሳቢው ቁጥሩ ይህን ጠባይ በማን ፈቃድ እንዳገኘ ጠየቁ። መምህሩ «ማንም አልፈቀደለትም» በማለታቸው ሕገወጥነቱ ተረጋግጧል።

ወ/ሮ ደሪቱ አዳራሹ የቆመው በአባታቸው የውኃ ጉድጓድ ላይ መሆኑን ጠቅሰው፣ «ያኔ ጎረቤት ሲቀዳ የቆጠረ የለም» ብለዋል። ይህ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ፣ የጥቅም ግጭትም ስላለባቸው፣ እንዲወጡ ተደርጓል። ጀሪካኖቻቸውን ይዘው ወጥተዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ (መምህር ሊባኖስ) የሚከተለው ተወሰነ። ጸሐፊው እጁን ያወጣው ሰብሳቢው ሲያዩት ነው።

ሀ) ቁጥሩ አልካፈልም በማለቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።
ለ) የቤት ቁጥር 7,001 ለፈረቃው ሲባል እንዳልተሠራ ይቆጠር።

አጀንዳ 2፦ ድንገተኛ

5፡10 ላይ ለአሥራ ሁለት ቀን ጠፍቶ የሰነበተው ውኃ በአዳራሹ ደጅ ካለው ቦኖ መጣ። አባላቱ ጀሪካን ለማምጣት ወደየቤታቸው ሮጡ። ሲመለሱ ወ/ሮ ደሪቱ የሰልፉ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ሰብሳቢው መጨረሻው ላይ ቆሙ። ወ/ሮ ደሪቱ ሞልተው ሲያልፉ፣ «ጋሼ፣ ከኋላዎ ማንም የለም። ዛሬ የተረፉት እርስዎ ነዎት?» ብለዋል።

ሰብሳቢው ሰልፉን ሳይለቁ ኮሚቴውን ሰበሰቡ። በመጨረሻ ስለተገኘ ብቻ ሰውን ውኃ መከልከል ከሰብአዊነት ውጭ መሆኑን አጥብቀው አስገነዘቡ። በሙሉ ድምፅ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ለቁጥሩ የተሰጠው ማስጠንቀቂያም ተነሥቷል።

ውኃው ሰብሳቢው ዘንድ ሳይደርስ በመቋረጡ ስብሰባው 6፡05 ላይ ተበትኗል።