ካሜራ የሌለው የካሜራ አዋቂ

በየቤተሰቡ ካሜራ ሳይኖረው ስለ ካሜራ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋ ቤተሰቡ ገና አልተሟላም ማለት ነው። በልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከመው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ዘመድ አዝማዱ «ክቡር አማካሪ» ይለዋል።

የክቡር አማካሪ ሥራ ሚዛን መጠገን ነው። የሥጋ ቤቱም የፋርማሲውም ሚዛን በእጁ ያልፋል። ሁለት ግራም ያዛነፈ ሚዛን እንቅልፍ ይነሳዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካሜራ ሲመርጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ ልብስ ሰፊዋ ግን አልገመተችም።

ከአራት ዓመት በፊት «ወንድም ጋሼ፣ እማዬን የምናነሳበት ደህና ካሜራ ምረጥልን» አለችው። ያኔ ምላሷን ብትነክስ ይሻላት ነበር። እናታቸው ካሜራ ሲያዩ እንደ ግንድ ይደርቃሉ። ያላቸው ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው፣ እሱም ላይ ሊታሰሩ የተወሰዱ ይመስላሉ። ሳቃቸውን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጅቷም የፈለገችው ያንን ሳቅ ነበር።

ክቡር አማካሪ ሥራውን ከቦርሳው ጀመረ። ውሃ የማያስገባ፣ ባለ ስድስት ኪስ የካሜራ ቦርሳ ገዛ። ከዚያ ካሜራ የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ትራይፖድ፣ ከዚያ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ከዚያ ሚሞሪ ካርድ። ካሜራው የትኛው እንደሚሆን ሳይታወቅ ትርፍ ባትሪም ገዛለት። ለካሜራውማ ሱቅ ድረስ ይሄዳል። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ይዞ ይመዝናል። «ይኼ ለቅርብ ጥሩ ነው፣ ሩቅ ላይ ግን ይሰንፋል» ይላል። የሚፈልገው ለቅርብም ለሩቅም፣ ለፀሐይም ለጨለማም የሚሆን ሁለገብ ነው። በመጨረሻ ሁለቱንም አስቀምጦ «አትቸኩሉ፣ አዲሱ ሊወጣ ነው» ብሎ ይመለሳል። ሻጩ ተስፋ ስለቆረጠ አሁን አሁን ሲመጣ ሻይ ብቻ ያዝዝለታል።

እናትየው በቦርሳው መድኃኒታቸውን መያዝ ጀመሩ። ትራይፖዱ ላይ ፎጣ ያሰጣሉ፤ ሲያሰጡም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ።

ባለፈው ወር ሐኪሙ የእናትየው ልብ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ተናገረ። ቀኑም ለሰኞ ተቆረጠ። እሑድ ከሰዓት ክቡር አማካሪ እናቱ ቤት የሌንስ ክዳን ይዞ መጣ። እህትየው ጎትታ ጓዳ አስገባችው።

«ካሜራውስ?»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ አዲሱ እኮ...»

«ነገ ነው የምትገባው። አንድ ነገር ብትሆን ምን ይዤ ልቀር ነው? የሌንስ ክዳን?»

የወንድሟን ስልክ ከእጁ ነጥቃ ሄዳ እናቷ ላይ ደገነች። እናትየው ወዲያው ደረቁ። ሦስት ጊዜ አነሳቻቸው፣ ሦስቴም ያው የመታወቂያው ሴትዮ ናቸው። ፎቶዎቹን ልታጠፋ ስትል ጣቷ ወደ ቀደሙት ፎቶዎች ገፋ።

እናቷ መስኮት ስር አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። እናቷ ሽንኩርት እየላጡ ከአንድ ሰው ጋር ይከራከራሉ። እናቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንቀላፍተዋል። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው።

«ምንድነው ይኼ?»

«ፎቶ እንዳይመስልሽ» አለ ክቡር አማካሪ አፍሮ። «የብርሃን ሙከራ ነው። ካሜራው ሲገዛ እማዬን የት እንደማስቀምጣት ልወቅ ብዬ።»

«ሙከራ ነው ሲለኝ ምን ያስጨንቀኛል» አሉ እናትየው።

ልብስ ሰፊዋን አንጀቷን በላት። እሷ ደንበኛ በዛብኝ እያለች ስንት ቅዳሜ ቀርታለች፤ ይህ ልብ አውልቅ ወንድሟ ግን አንድም አላጎደለም። ወደደችው፣ በራሷም አፈረች።

ሰኞ ጠዋት አልጋው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እየተገፋ ሲሄድ እናትየው ቀና ብለው «ካሜራው ተገዛ እንዴ?» አሉ።

«አልተገዛም እማዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አዲሱ ሊወጣ ነው። ቅዳሜ ሙከራ አለብሽ።»

እናትየው ያንን ሳቃቸውን ለቀቁት። ክቡር አማካሪ የኮሪደሩን መብራት ሽቅብ እያየ ስልኩን ከኪሱ ያወጣ ነበር።