ከለቀማ በኋላ የሚመጡት ጋሼ መቀስ

ወይን በተተከለበት ሰፈር ሁሉ፣ አንድም ሐረግ ሳይኖረው የሁሉም ወይን አለቃ የሆነ ሰው አይጠፋም። የእኛው አለቃ ጡረታ የወጡት ሰዓት ጠጋኝ፣ ክቡር ጠቅላይ የሐረግ አዛዥ፣ ጋሼ መቀስ ናቸው። የማይገቡበት ግቢ የለም፤ የእሳቸውን በር አልፎ የገባ ግን የለም።

እኛ የመጨረሻውን ዘለላ ቆርጠን፣ እጃችንን ታጥበን «እፎይ፣ ለዘንድሮ አለቀ» ስንል በሩ ይንኳኳል።

«አለቀ? ገና አሁን ተጀመረ እንጂ!» ይላሉ ፊታቸው ፈክቶ። «ወይኗ አራስ እኮ ናት! አራስ በጦሟ ታድራለች?»

ከዚያማ ማን ይችላቸዋል! ውሃ አምጡ፣ ፍግ አምጡ፣ የረገፈውን ጥረጉ! የጥርስ ሐኪሟን ጎረቤታችንን ከነነጭ ጋውኗ አንበርክከው ሐረጉ ላይ የቀረውን ጭምድድ ፍሬ አስለቅመዋታል። «ይኼ በሽታ አዝሎ ነው የሚከርመው። አንቺስ የበሰበሰ ጥርስ አይተሽ ታልፊያለሽ?»

ከትእዛዛት ሁሉ የከበደው ግን አንድ ነው፦ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ሳይረግፍ መቀስ አይነሳም። «ስንቋን ወደ ሥሯ እየላከች ነው። መንገደኛ ስንቅ ሲቋጥር እጁ ይቆረጣል?»

እኔ ግን ቂም ነበረብኝ። የኛን ወይን እናቴ ናት የተከለችው፤ ከእጇ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አምና ሲገርዙልን ሦስት የሐረግ ቁራጭ ኮታቸው ውስጥ ሸጎጥ ሲያደርጉ በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው። ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ።

ዘንድሮ ልጃቸውን ሊጠይቁ ለሳምንት ሲሄዱ ጊዜዬ ደረሰ። የእናቴን ወይን ራሴ እገርዛለሁ! ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ማን ሰምቷቸው! ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? ደረቅ ቅርንጫፍ መስሎኝ ከአፈሩ እኩል በመጋዝ የቆረጥኩት ግንዱ ኖሯል። ከሰዓት ቅጠሉ ሁሉ ጠወለገ።

ባለቤቴ ወጥታ አየች። «የእማማን ወይን?» አለችና ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ መቀስ በተመለሱ ማግስት መጡ። ጉቶውን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስድቡን ስጠብቅ እጄን ያዙና እየጎተቱ ወደ ግቢያቸው፣ ያንን ማንም ያላለፈውን በር አሳልፈው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ሦስት አሮጌ ጣሳዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ትከሻዬ ላይ የሚደርስ ወይን ቆሟል፤ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። በእንጨት ሰሌዳ ላይ በሰዓት ሠሪ ደቃቅ ጽሕፈት «የጎረቤቴ እናት» ይላል።

«አምና መቀሱን ስታቀብለኝ አያያዝህን አየሁት» አሉ። «አንተ ልጅ አንድ ቀን እንደምትፈጃት ያኔውኑ አወቅኩ።»

እኔ የሃምሳ ዓመቱ «ልጅ» እንባዬ መጣ። ሌባ ብዬ ዓመት ሙሉ በልቤ ያማሁት ሰው እናቴን ደብቆ ሲያሳድግልኝ ከርሟል! ደስታው አላስቆም አለኝና አንዷን ቢጫ ቅጠል ልነካ እጄን ሰደድኩ።

ጋሼ መቀስ እጄን ቸብ አደረጉት። «ስንቋን ሳትጨርስ!»

እንደዚያ ደስ ያለኝ ምት ተመትቼ አላውቅም።