የማህበረሰቡ ወንበር

ስለ ሌላው ሰው ጤና ሲያስቡ የራሳቸውን እንቅልፍ ያጡ ሰዎች በዚህ ዓለም ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚህም ጥቂቶች አብዛኞቹ የእኛ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ናቸው። ያጡትን እንቅልፍ ስብሰባ ላይ ስለሚያካክሱት በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። መሥሪያ ቤታችን ለማህበረሰብ ጤና ፍትሐዊነት የቆመ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ስብሰባ የሌለ ቀን ሥራ አይኖረኝም፤ ግን ሥራ ፈትቼ አላውቅም።

ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህም በዘፈቀደ የሆነ አይደለም። በስብሰባ አዳራሹ መስኮት ሲመለከቱ ከጎዳናው ማዶ ያለው፣ የምናገለግለው ሰፈር ከነቆርቆሮ ጣሪያው ወለል ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ማህበረሰቡ አንድም ቀን ከዓይናችን ተሰውሮ አያውቅም። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ነገር ግን በየደረጃው መታጠፊያ «ጤና ያለ ልዩነት ለሁሉም» የሚል ፖስተር ስለለጠፍን፣ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ቆም ብሎ የሚያነበው አያጣም።

ዋና ሥራ አስኪያጃችንን በሌሉበት «ማዕቀፍ» እንላቸዋለን። ያለ ማዕቀፍ ምንም ነገር አይጀምሩም። አንድ ጊዜ የመፀዳጃ ቤቱ ቁልፍ ጠፍቶ፣ የቁልፍ አያያዝ ማዕቀፍ ተረቅቆ እስኪጸድቅ ድረስ መላው ሠራተኛ ጎረቤት ካለው የልብስ ስፌት ቤት ጋር የቅርብ ዝምድና መሥርቶ ነበር። ታሪካችንን የቀየረውን ሐሳብ ያመጡልንም እሳቸው ናቸው፤ ከአንድ ሥልጠና ሲመለሱ።

ሐሳቡ ይህ ነው። በየስብሰባው አንድ ወንበር ባዶ ይተዋል። ወንበሩ የማህበረሰቡ ነው። እሱን ባየን ቁጥር የምንሠራው ለማን እንደሆነ እናስታውሳለን። አጨበጨብን። ከዚያ በፊት ማህበረሰቡን በአካል መጥራት ተሞክሮ አልተሳካም። የመጡት ሰዎች ስብሰባ አያውቁበትም። ስለ ስትራቴጂ ሲጠየቁ ስለ ቧንቧ ያወራሉ፤ ስለ ራዕይ ሲጠየቁ ነርሳችን ሲስተር በሳምንት ሁለት ጊዜ ትምጣልን ይላሉ። ወንበሩ ይህ ጠባይ የለበትም። አያቋርጥም፣ ከአጀንዳ አይወጣም፣ ስልኩ አይጮህም። በቃለ ጉባኤ ያዥነት ዘመኔ እንደ እሱ የሚያዳምጥ ተሰብሳቢ አላየሁም።

የማህበረሰቡ ወንበር ከማህበረሰቡ እጅ ይውጣ ተብሎ ሥራው እዚያው ሰፈር ላለ አንድ አዛውንት አናጢ ተሰጠ። ሰውየው እጁ የተባረከ ነው። መደገፊያው ሰፊ፣ የክንድ ማሳረፊያው ልሙጥ፣ ሲያዩት እንኳ ወገብ የሚያሳርፍ ወንበር ሠርቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ አወጣው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወንበሩን አስቀምጦ አረፍ ሊል ሲል፣ የዕቅድ ክፍል ኃላፊው በትህትና ክንዱን ይዘው አስቆሙት። ርክክቡ ተፈጽሞ ነበር። አናጢው ይቅርታ ጠይቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ በክብር ላይ ክብር ጨመረ። በፊቱ የታሸገ ውሃ ይቀመጥለታል። «ማህበረሰብ» የሚል የደረት ባጅ ታተመለት። ምሳ ሲታዘዝ ለእሱም ይታዘዛል፤ ማህበረሰቡ ምግቡን ሳይነካው ስለሚቀር የዕቅድ ክፍል ኃላፊው እንዳይባክን እያሉ ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። ከሁሉም በላይ ግን ድምፅ ተሰጠው። «ማህበረሰቡ ሳይገኝ ምንም ውሳኔ አይተላለፍም» የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን ገባ፤ አንቀጹን የጻፉት ራሳቸው ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ሐሳብ ሲቀርብ ወደ ወንበሩ ዞር ይሉና «ማህበረሰቡ ተቃውሞ አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። በአክብሮት ጥቂት ይጠብቃሉ። እኔም «ማህበረሰቡ በዝምታ ተስማምቷል» ብዬ እጽፋለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ሳያስቡት ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው ተገኙ። መሥሪያ ቤቱ ተናወጠ። በማህበረሰቡ ጫንቃ ላይ ኮት መስቀል ምን ማለት እንደሆነ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው መደምደሚያ ወንበሩ ቋሚ ጠባቂ ያስፈልገዋል የሚል ነበር። ማህበረሰቡን ከሁላችን በተሻለ የሚያውቅ ማነው ሲባል ሁሉም ወደ ሲስተር ዞረ።

ሲስተር በመሥሪያ ቤታችን በሽተኛ የምታውቅ ብቸኛ ሠራተኛ ናት። በየሳምንቱ የግፊት መለኪያዋን ይዛ ወደ ማዶ ትሻገራለች፤ ደጅ ለደጅ እየዞረች ደም ግፊት ትለካለች፤ ክኒኑን የዘነጋውን ትቆጣለች። ከምትቆጣቸው አንዱ አናጢው ነበር። ይህን ሥራ ትታ ወንበሩን ከአዳራሽ አዳራሽ እያዘዋወረች፣ አቧራውን እያራገፈች፣ ሰው እንዳይቀመጥበት እየጠበቀች «የማህበረሰብ ድምፅ አስተባባሪ» እንድትሆን ሐሳብ ቀረበ።

«አንድ ሰፈር ብቻ ግፊቱ ሲለካ የማይለካው ሰፈር ምን ይሰማዋል?» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ። «ይህ ግልጽ ልዩነት ነው። ሲስተርን ካነሳናት ግን ሰፈሮቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ።»

እኩልነት እንዲህ በእጃችን እያለ ስንፈልገው መኖራችን አሳፈረን። ማህበረሰቡ ተቃውሞ እንዳለው ተጠየቀ። አልነበረውም። ሲስተር አንድ ነገር ልትል እጇን አውጥታ ነበር፤ ማህበረሰቡ ራሱ ከተስማማ በኋላ በማህበረሰቡ ስም መከራከር ነውር መሆኑ ተነገራት። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጥቂት ወራት በሰላም አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ስለ ተደራሽነት እየተወያየን ሳለ የአዳራሹ በር ተከፈተና አንዲት አሮጊት ገቡ። የአናጢው ባለቤት ናቸው። ደረጃው ጨርሷቸዋል፤ አንድ ቃል ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ አልቀራቸውም። ዙሪያውን ተመለከቱ። ባዶ የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ሄደው ዘፍ አሉበት።

ሁላችንም ወደ ጠባቂዋ ወደ ሲስተር ዞርን።

«እናቴ፣» አሉ የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንበሩ ተይዟል።»

«ማን ይዞት?»

«ማህበረሰቡ።»

ሴትዮዋ ወደ በሩ አዩ። «ወጣ ብሎ ነው?»

«የለም፣ እዚሁ አለ።»

ሰው ላይ የተቀመጡ መስሏቸው ብድግ አሉ። ዞረው ወንበሩን ሲያዩት ግን ፊታቸው ተለወጠ። የክንድ ማሳረፊያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ የባላቸው እጅ መሆኑን አወቁት። ከዚያም የመጡበትን ነገር ተናገሩ። ባለቤታቸው ወድቋል። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪም ቤት ያዩት ሰዎች ግፊቱ በየሳምንቱ ካልተለካ ሁለተኛ መውደቅ አለ፣ ሁለተኛው ደግሞ አያስነሳም ብለዋቸዋል። ሽማግሌውን ተሸክሞ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ልጅ የላቸውም። ሲስተር እንደ ድሮዋ ትምጣልን ነው የሚሉት። ሲስተር ከወንበሩ ኋላ ቆማ ስትሰማ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ዋና ሥራ አስኪያጁ በጣም አዘኑ። ሐዘናቸውን ከገለጹ በኋላ ችግሩን አብራሩ። «እርስዎ ግለሰብ ነዎት። እኛ የምንሠራው ከማህበረሰቡ ጋር ነው። ማህበረሰብ ደግሞ ከግለሰቦች ድምር በላይ የሆነ ነገር ነው።»

«ልጄ፣ ድምሩ ይቅርብኝ፤ ባለቤቴ ወድቋል።»

«ገብቶኛል። ጥያቄዎን በማህበረሰቡ በኩል ቢያቀርቡ ግን ማዕቀፉ ይፈቅዳል» አሉና በእጃቸው ወደ ወንበሩ አመለከቱ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው የዕድሜያቸውን ትዕግሥት ሁሉ ሰብስበው ከወንበሩ ፊት ቆሙ። መዳፋቸውን መደገፊያው ላይ አሳርፈው፣ «እንግዲህ አንተ የእሱ እጅ ሥራ ነህ፤ እኔን ባይሰሙ አንተን ይሰሙሃልና ንገርልኝ» አሉት። አንዳንዶቻችን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ውሃ ማየት ያዝን።

ዋና ሥራ አስኪያጁ እንደ ደንቡ ወደ ወንበሩ ዞሩ። «ማህበረሰቡ ጥያቄውን ይደግፋል?» አሉ። በአክብሮት ጥቂት ጠበቁ። ከዚያም ወደ እኔ አዩ። እኔም «ማህበረሰቡ ጥያቄውን አልደገፈም» ብዬ ጻፍኩ። አንዳንድ አንባቢ ዝምታው ያው ዝምታ አይደለም ወይ ሊል ይችላል። ዝምታን መተርጎም ሙያ ነው፤ ያልተማረ ሰው አይገባበትም።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ወንበሩን ላብ ነክቶት ስለነበር ገለልተኝነቱ ያሰጋል ተባለና ዋና ሥራ አስኪያጁ ለሲስተር ትእዛዝ ሰጡ። «አውርደሽ አጥቢውና ፀሐይ አስመቺው። እስኪደርቅ ከአጠገቡ እንዳትለዪ።»

ሲስተር እሺ አለች። ወንበሩን በአንድ ትከሻዋ፣ የግፊት መለኪያዋን ቦርሳ በሌላው አንግታ ወጣች። የሕንጻችን ግቢ በዚያ ሰዓት ጥላ ነው። ጥቂት ቆይተን በመስኮት ስናይ ማህበረሰቡ እግሮቹን ወደ ሰማይ አንስቶ ጎዳናውን እያቋረጠ ነበር፤ ከጎኑ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ይራመዳሉ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ የዕቅድ ክፍል ኃላፊው።

«ፀሐይ ፍለጋ ይሆናል» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ልንቀጥል ስንል አንቀጹ ትዝ አለን። ማህበረሰቡ የለም። አጀንዳ ማጽደቅ አልተቻለም፤ ስብሰባውን መበተንም ውሳኔ ስለሆነ አልተቻለም። የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ከጥበቃው ቤት የፕላስቲክ ወንበር ይምጣ ቢሉ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ «ማህበረሰብ አይተካም» ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለሲስተር ተደወለ። ገና አልደረቀም፣ ከአጠገቡም አልተለየሁም አለች። ሲጨልም እንኳ እዚያው እንዳንቀመጥ ስለፈሩ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቃለ ጉባኤዬን አስይዘው እኔን አስከትለው ራሳቸው ሊወርዱ ተነሱ።

ለዓመታት ከላይ ያጠኑት ሰፈር ከታች ሲገቡበት ጠፋቸው። ከአንዱ ጠባብ መንገድ ወደ ሌላው፣ ከፍሳሽ ቦዩ ላይ እየዘለሉ፣ የሰፈሩን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥተው ወረዱት። ንዴቱም ፀሐዩም ተደራርቦ ፊታቸው ቀልቷል። በመጨረሻ ቤቱን ያገኘነው ሰዎች ተሰልፈው ስላየን ነው።

ሰልፉ አናጢው ደጅ ላይ ያልቃል። ወንበሩ የእንጨት ፍቅፋቂ መሃል ተቀምጧል፤ ወንበሩ ላይ አናጢው። የማይታዘዘው እጁ ጭኑ ላይ ወድቋል፤ በደህናው እጁ የክንድ ማሳረፊያውን ቀስ እያለ ይዳስሳል። ሲስተር መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠቅልላ ትለካለች። ወንበሩን ያመጣ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳያርፍበት የከለከልነው ሰው መሆኑ ትዝ አለኝ። ይህ በቃለ ጉባኤው የለም።

ሽማግሌውን በሚስቱ ትከሻ ደግፈው ሲያስነሱት ዋና ሥራ አስኪያጁ ወደፊት ቀረቡ። «ይህ ወንበር…» ብለው ጀመሩና የበሩን መቃን ያዙ። መሬቱ የዞረባቸው ይመስላሉ።

ሲስተር አየቻቸው። «ይቀመጡ» አለች።

«ወንበሩ ላይ?»

«ሌላ የት አለ?»

የአናጢው ሚስት ባላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዞር አሉ። «ልጄ፣ ግለሰብ ነህ ማህበረሰብ?»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ማሰብ ጀመሩ፤ ግን መሬቱ እየዞረ ጊዜ አልሰጣቸውም። «ግለሰብ» አሉ በቀስታ።

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ከሰልፉ ተራዬ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ሲስተር ለካች፤ ደግማ ለካች። ብዙ ከፍ ብሏል አለቻቸው፤ ዛሬ ደረጃ እንዳይወጡ፣ ከዚህ በኋላም በየሳምንቱ እንዲለኩ ነገረቻቸው።

«ማን ይለካኛል?» አሉ።

«እኔማ ከሰፈር ተነስቻለሁ። በሙሉ ድምፅ።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ቀና አሉ። ወንበሩ አለ፣ እሳቸው አሉ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ አለ፤ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። እዚያው ሆነው ሐሳብ አቀረቡ። ሲስተር ወደ ሰፈሩ ትመለስ፤ በየሳምንቱ ትለካ፤ ከሚለኩትም መካከል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይገኙበት። «ማህበረሰቡ ይደግፋል?» ብለው እንደ ልማዳቸው ወደ ወንበሩ ዞሩ፤ ወንበሩ ላይ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቀና ብለው ሰልፉን አዩ።

ሰልፉም አያቸው። የአናጢው ሚስት እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አንድም ሰው አልተናገረም። ዋና ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያም ከጥቂት በላይ ጠበቁ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወረደ። ክንዳቸው በመለኪያው እንደተጠቀለለ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ብለህ ጻፍከው?»

«ገና አልጻፍኩም» አልኳቸው።