ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ያለበት ቅዳሜ

ንጽሐፍ እንከ፤ እንግዲህ እንጻፍ። ባለቤቴ በዚህች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ላይ በሠለጠኑ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ድል በተነሣ በሦስተኛው፣ የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ዓመፁን ትቶ በገበረ በሁለተኛው፣ ትምህርት ቤቶች ለእረፍት በተዘጉበት ወር፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ረፋድ ሳለ፣ ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ አለ።

እኚህ ባለቤቴ ሥዩመ ርእሱ፣ ማለት ማንም ሳይሾማቸው ራሳቸውን በራሳቸው የሾሙ፣ ዐቃቤ ፋይል፣ ሊቀ ገመዳት፣ መጋቤ ፓስዎርድ ሲሆኑ፣ በሥራ ቀን በመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይቆጣጠራሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ከቤቱ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ግን ግርማቸው ያስፈራል፣ ሻይ እንኳ የሚቀርብላቸው ከኪቦርዱ በክንድ ርቀት ነው። እኔ የዚህ ዜና ጸሐፊ ሚስታቸው ነኝ፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነኝ። እንዲህ ያለውን ታሪክ መጻፍ የእርሳቸው እንጂ የእኔ ሙያ አልነበረም፤ በእኔ እጅ ለምን እንደ ወደቀ በቦታው ይነገራል።

ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ በተያያዘችው በዚያች ጥቁር ዲስክ ውስጥ፣ አካሏ ከአንድ የልብስ ሳሙና በማይበልጠው፣ ሁለት ሀብቶች ነበሩ። አንደኛው የእኔ ነው፤ ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ግድግዳ ተደግፈው እያንዳንዳቸው አንዲት ቃል በምልክት ቋንቋ የሚናገሩባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች፣ ለዓመታት የቀረጽኳቸው፣ አዲስ የሚገቡት ሕፃናት የሚማሩባቸው፤ ሌላ መማሪያ የለንም። ከቀረጽኳቸው ልጆች ብዙዎቹ አድገው ሄደዋል፤ ጣቶቿን ከራሷ በላይ አንሥታ «ዝናብ» ብላ ስታወርድ ሳቋ የሚያመልጣት ልጅ ከቤተሰቧ ጋር አገር ቀይራለች፤ ነይ እንደገና ልቅረጽሽ ብላት የት አገኛታለሁ? ሁለተኛው የእርሳቸው ነው፤ የቤታችን ዜና መዋዕል። የጥንት ነገሥታትን ታሪክ ከማንበብ ብዛት ልባቸው ስለ ተነካ፣ ቧንቧ ባጠበቁ ቁጥር፣ ባንክ ተሰልፈው በዋሉ ቁጥር፣ እኔ አሁን እየተንገዳገድኩ በምሞክረው በዚህ አንደበት ይጽፉት፣ እሑድም ከምሳ በኋላ ቆመው ያነቡልን ነበር። እኛ እንስቃለን፤ እርሳቸው አይስቁም። ከወረቀት ጋር ስለማይዋደዱ አንዲት ገጽ እንኳ አትመው አያውቁም።

ስለ ጥበቃውም እንናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱን ዘግተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ፍላሽ ይሰካሉ፤ ሁለቱን ሀብቶች ይገለብጣሉ፤ ፍላሿን በብረት ሣጥን፣ ሣጥኑን በቁም ሣጥን፣ ቁልፉን በወፍራም ካልሲ ውስጥ ያኖራሉ፤ ከዚያም ወደ ሳሎን ወጥተው፦ «እናንተ ተኙ፤ ለመረጃችሁ እኔ አለሁ!» ብለው ያውጃሉ። ግልበጣው ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ስለማይቆይ፣ ኮምፒውተራችን እንዴት ያለ ፈጣን ነው እያሉ ያመሰግኑት ነበር።

በዚያ ቅዳሜ እናቴ፣ ከእኛ ጋር የምትኖረውና በዚህ ቤት ከዙፋኑ ከፍ ብላ የተቀመጠችው፣ ካውያዋን ስትሰካ ምድጃው በርቶ ነበርና መብራቱ ዷ ብሎ ጠፋ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ዲስኩ ግን በሆዱ ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር። ባለቤቴም የካውያውን ስም ባነሡ ጊዜ፣ እናቴ ከማድ ቤት ሆና አዋጅ አስነገረች፦ «ስሙ! የእኔ ካውያ ማንንም አልነካም! ዕቃችሁ አርጅቶ ሲያቃስት በእኔ አታላክኩ!» ነገሩም በዚህ ረገበ።

እርሳቸው ግን አልደነገጡም፤ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም ብል ከእውነት አልርቅም፤ ለዓመታት የተዘጋጁለት ቀን መጥቷልና። ጃኬታቸውን ለበሱ፤ ቁልፉን ከካልሲው አወጡ፤ ከላይ ፎቅ የሚኖረውን፣ ባልና ሚስት በተጣሉበት ሁሉ ገብቶ ስለሚያረጋጋ «ስታቢላይዘር» የሚባለውን ጎረቤታችንን ከነላፕቶፑ አስጠሩ፤ ሁላችን ቆመን ሳለም ፍላሿን ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ሁለቱ ፎልደሮች ብቅ አሉ፣ ከጥጋቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው። ሁለቴ ቢጫኗቸው አይከፈቱም፤ ሦስቴ ቢጫኗቸው አይከፈቱም፤ የፈለጉት ነገር በቦታው የለም የሚል ጽሑፍ ብቻ ይመጣል። ስታቢላይዘርም አንገቱን ደፍቶ ፍርዱን አሰማ፦ «ይሄ እኮ ሾርትከት ነው።» ይህም ማለት፣ እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች በብረት ሣጥን ሲቆለፍበት የኖረው የቤቱ አድራሻ እንጂ ቤቱ አልነበረም። ወይ ጉድ!

ወኮነ ዐቢይ ኀዘን፤ ታላቅ ኀዘንም ሆነ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ በእርሳቸው ተናደድኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ ባለማየቴ በራሴም ተናደድኩ፤ ትምህርት ሲከፈት በእነዚያ ሕፃናት ፊት ባዶ እጄን ልቆም ነው። ዐቃቤ ፋይል ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አዋጅ ፍላሿን ነቅለው ወደ ብረት ሣጥኑ መለሱ።

ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው ሰው በስልክ ተጠየቀ፤ ጠቅታውንም ካዳመጠ በኋላ ሁላችን እየሰማን እንዲህ ሲል አዘዘ፦ «እንዳታጠፉት! ከጠፋ አይነሣም። ሌላ ዲስክ ሰክታችሁ አሁኑኑ ገልብጡ፤ በጣም የምትፈልጉትን አስቀድሙ። አንዱ ፋይል ላይ ከተነከሰ እዚያው ይቀራል፤ እኔ ጋ ብታመጡትም ምንም አላደርግላችሁም።» ስልኩም ተዘጋ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ባለቤቴ ተነሡ፤ ተነሥተውም ዘመቱ። የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነበር፦ በቀኝ ስታቢላይዘር፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ዲስክ ከቤቱ አምጥቶ፤ በግራ እናቴ፣ የጋለውን ዲስክ እንድታራግብ የጫማ ካርቶን ክዳን ታጥቃ፤ ከኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ አንገቱ በፕላስተር የታሰረ ቬንትሌተር፣ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ከሥሩ የሚገቡ የሶፋ ትራሶች፣ እንዲሁም ማንም ያልጠራው የስታቢላይዘር ድመት፣ እርሷም ወዲያው ተባረረች። አዋጁም ወጣ፦ «ስሙ፣ ላልሰማም አሰሙ! ከአሁን ጀምሮ ካውያ የሚሰካ፣ በር የሚያላትም፣ ወንበር የሚጎትት ከእኔ ጋር ተጣላ! የልብስ ማጠቢያው ባለበት ይቁም! የምታለቅስም ወደ ማድ ቤት ትውጣ፤ እንባ እርጥበት ነው!» እናቴም በአጸፋው፦ «ሽንት ቤትስ?» ብላ አስነገረች፤ «በቀስታ!» ተብሎ ተፈቀደ። እኔ ወጣሁ፤ በሩም ተዘጋ። ከዚህ በኋላ ያለውን ያን ቀን አላወቅሁም፤ እናቴ በኋላ የነገረችኝን ነው የምጽፈው።

የእርሳቸው መጽሐፍ አንዲት ፋይል ናት፤ ለመገልበጥ አንዴ ማስነጠስ ይበቃታል። የእኔ ቪዲዮዎች ግን ግማሽ ቀን ይፈጃሉ። ስለዚህ ስታቢላይዘር መጀመሪያ ትንሿ ትለፍ ብሎ መከረ፤ በነገር ሁሉ የማትስማማው እናቴም በዚህ ተስማማች። እርሳቸው እጃቸውን ማውሱ ላይ አድርገው ቆዩ። ዲስኩም ጠቅ አለ። ያን ጊዜ በሕይወታቸው በሹክሹክታ የተነገረውን ብቸኛ አዋጅ አስነገሩ፦ «እዚያችው ላይ ቢነከስስ? የሷ ይቅደም። ይህን ለእሷ የነገረ ከእኔ ጋር ተጣላ!»

አረንጓዴዋ መስመር መንገድ ጀመረች። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ቀረ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ አሥራ አንድ ቀን ቀረ ሲል እናቴ እንግዲህ ስንቅ ይዘጋጅ ብላ ብድግ አለች፤ ወዲያው አርባ ደቂቃ ብሎ ቃሉን አጠፈ፤ ከዚያ ወዲያ የተናገረውን ያመነው የለም። የዲስኩ ገመድ ላላ ስለ ነበር ታጥፎ በጣት ካልተያዘ አይሠራም፤ ሊቀ ገመዳት በሁለት ጣታቸው ይዘውት ቀሩ፤ ክንዳቸው ደነዘዘ፣ እግራቸው ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫቸውን አሳከካቸው፣ አልነኩትም። እናቴ አከከችላቸው፤ ይህም በዚህ ቤት በአማትና በአማች መካከል ከዚያ በፊት ያልተደረገ ነው። ዲስኩ ጠቅ ባለ ቁጥር ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል፤ መስመሯ ስትንቀሳቀስ ይለቃል። የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ።

የመጨረሻው ቪዲዮ እንደ ተሻገረ የራሳቸውን መጽሐፍ ያዙና ወደ አዲሱ ዲስክ ጎተቱ። መስመሯ አልመጣችም። ዲስኩ አንዴ ጠቅ አለ፣ በረዥሙ ተነፈሰና ዝም አለ። እናቴ ግን ማራገቧን አላቆመችም፤ ባለቤቴ እጇን ያዙና ክዳኑን ቀስ ብለው ተቀበሏት።

በሩም ተከፈተ። ባለቤቴ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወደ ማድ ቤት መጡና አወጁ፦ «ደስ ይበላችሁ! ሁሉም ድኗል! አንዲት ነገር አልጠፋችም!» እኔ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ሮጬ ገብቼ የዝናቧን ልጅ ከፈትኳት፤ ጣቶቿን አወረደች፣ ሳቋም አመለጣት። እርሳቸው የቀዘቀዘውን ምሳ ሁለቴ አስጨምረው በሉ፤ የደነዘዘው እጃቸው ማንኪያ አልይዝ ስላላቸው በግራቸው በሉ።

በማግስቱ እሑድ ንባብ አልነበረም፤ ጉሮሮዬን አሞኛል አሉ። በቀጣዩ እሑድ የቁም ሣጥኑ ማጠፊያ መጥበቅ አለበት ተባለ። በሦስተኛው ላይ እናቴ አልቻለችም፤ ድስት እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ሁሉንም ዘከዘከችው። ሄጄ አዲሱን ዲስክ ከፈትኩ፤ የእኔ ሁሉ አለ። ከሥሩ «ዜና ቤትነ»፣ የቤታችን ዜና፣ የሚል ፎልደር አለ፤ ብከፍተው ባዶ ነው።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብኝ፤ ባሌ ነው፣ እሱ ብዬ ልጻፍ። አንዲት ደቂቃ እኮ ነበር! ቢያስቀድማት ምናልባት ሁለቱም ይተርፉ ነበር። ምናልባትም እዚያው ተነክሶ የልጆቹ ሁሉ ይቀር ነበር፤ እሱ በዚህች ምናልባት ላይ አልጫወትም አለ። ቧንቧው፣ የባንክ ሰልፉ፣ የተጋባን ሰሞን በር ተቆልፎብን በመስኮት የገባንበት፣ ሁሉም ሄደ፣ እሱም ከበሩ ወጥቶ ደስ ይበላችሁ አለን። ሞኝ! ተናደድኩበት፣ አለቀስኩለት፣ ወደድኩት፤ የትኛው እንደ ቀደመ አላውቅም። ከዚያ ተቀምጬ ይህን ጻፍኩ፤ የገድሎቹን ሁሉ ታላቅ እሱ ራሱ ሊጽፈው ስለማይችል፣ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልግ ነበርና።

እስከዚህ ያለውን ዛሬ እሑድ ከምሳ በኋላ ቆሜ አነበብኩለት። እናቴ በሽንት ቤቱ ላይ ስደርስ ሳቀች፤ በአፍንጫው ላይ ስደርስ አፈረች። እሱ እንደ ልማዱ አልሳቀም፤ መነጽሩን ግን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ። ስጨርስ ተነሥቶ፣ ጃኬቱን አስተካክሎ አወጀ፦ «ታሪኩ መልካም ነው። ሞኝ የምትለዋ ቃል ግን ትውጣ!»

እንግዲህ ለሚመጣው ትውልድ ይጻፍ፤ ይነበብም። በሁለት ጣቱ ገመድ ይዞ ግማሽ ቀን የቆመ፣ የራሱን ድካም ለሌላ ሰው ልጆች የለቀቀ፣ ባዶ እጁን ወጥቶ ድል ያወጀ፣ ዐቃቤ ዝናብ፣ መጋቤ ሳቅ፣ የሕፃናት ጣቶች ጠባቂ፣ ኃያሉ፣ ታጋሹ፣ ሞኙ ባለቤቴ፣ ዕድሜህ ይርዘምልኝ። ቃሏም አልወጣችም፤ ከማዕረጎችህ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።