ሴቭ ሳታደርግ በር አትክፈት

በዓለም ላይ ሦስት ዓይነት ሰው አለ፦ ጌም የሚጫወት፣ ጌም የማይጫወት፣ እና ስለተጫወተው ጌም ካላወራ የበላው የማይረጋለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለማንም ጉዳት የላቸውም። ሦስተኛው ግን በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አይታወቅም፤ የምደባ ደብዳቤም የለውም። ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ሰው ሥራ ሲገባ እዚያው ቆሞ «እኔ አልፈርድም፤ ግን…» ሲል ይገኛል።

በሊፍት ጠጋኞቹ ዘንድ የተመደበው ሊቁ ይባላል። ስሙ የወጣለት በሹፈት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀብሎት አረፈ። ዕድሜው አርባ ስድስት፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በደረት ኪሱ ሦስት ካቻቢቴ የሚሰካ፣ ሲናገር ሁለቱ አውራ ጣቶቹ በአየር ላይ የማይታይ ቁልፍ የሚጫኑ ሰው ነው። ሲቆጣ ግራው፣ ሲደሰት ቀኙ ይፈጥናል።

ይህ ክቡር ሰው በዕጣ የደረሰው እንጉርጉሮ ለሚሉት ባልደረባው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ የመሣሪያ ሳጥን፣ በአንድ የሞተር ክፍል፣ በአንድ የምሳ ሰዓት አብረው ኖረዋል። እንጉርጉሮ ሆደ ባሻ ነው፤ ሊፍት ባዶውን ሲወርድ ካየ እንኳ ያዝንለታል። መፍቻ ሲያነሳ ግጥም ይመጣበታል፣ ግጥም ሲመጣበት መፍቻው ከእጁ ያመልጣል። አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ እስከ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ በእግር ሲወጡ፣ ሊቁ በአንድ ጌም ውስጥ ስላለ አንድ ድልድይ አዘላለል ሳያርፍ ሲያስረዳው፣ በትንፋሹ ቅሪት እንዲህ ብሎ አንጎራጎረ፦

ገመዱስ ቢላላ በቁልፍ ይጠብቃል፣
የወዳጄን አፍስ ማን ያጠብቅልኛል?

ሊቁ ቆሞ በጽሞና አዳመጠ። «ዜማው መልካም ነው» አለ። «ግጥሙ ግን መሐሉ ላይ ይጎተታል። ስድስት ከአሥር።»

እንዲህ ነው፤ ማርክ የማይሰጠው ነገር የለም። ሚስቱ በጋብቻቸው ዐሥረኛ ዓመት «ለመሆኑ ለሠርጋችን ስንት ትሰጠዋለህ?» ብላ ቀለደች። መቀለዷ ነበር። እሱ ግን አገጩን አሻሽቶ፣ «መግቢያው ረዘመ። ገጸ ባሕርያቱ በዙ፣ ግማሾቹ እስከ መጨረሻው ምን እንደሚሠሩ አልገባኝም። አጨራረሱ ጥሩ ነው። ሰባት ተኩል» አላት። አንድ ሳምንት ሳሎን ተኛ። ሳሎኑንም አምስት ሰጠው።

ሐኪም ቤት ሄዶ ምን እንዳመመው ሲጠየቅ፣ «ዶክተር፣ ሦስት ልብ ነበረኝ፣ ሁለቱ አልቀው አሁን በአንዱ ነው ያለሁት» ብሎ መለሰ። ሐኪሙ በጌም ውስጥ ልብ ማለት ቀሪ ዕድል መሆኑን የማያውቅ ምስኪን ነበር፤ ሦስት ቀን አስተኝቶ ከሦስት መሣሪያ ጋር አሰረው። ሕመሙ የጥርስ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን የአሮጊቷ ነው። እማማ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል ሊፍት ውስጥ ተይዘው «ልጆቼ፣ አውጡኝ!» እያሉ ይጣራሉ። ሊቁ በበሩ ስንጥቅ አፉን ደግኖ፣ «አይዞዎት እማማ። እስከዚያው ልጠይቅዎት፣ ምን ጌም ይወዳሉ?»

«ምን አልክ ልጄ?»

«ጌም!»

«የልጅ ልጄ ጎመን የሚተከልባትን ነገር በስልኬ ጭኖልኛል። እሷን እነካካለሁ።»

«ስንተኛውን? የመጀመሪያውን ነው ሦስተኛውን?»

«እኔ ምን አውቄ! ጎመኑ ይስቃል።»

«ወይኔ፣ ሦስተኛው ነው!» አለ ሊቁ፣ ግንባሩን በሩ ላይ አሳርፎ። «እማማ፣ እኔ አልፈርድም፤ ግን ጎመን መሳቅ የጀመረ ቀን ያ ጌም ሞቷል። በመጀመሪያው ጎመኑ ዝም ይል ነበር። ውሃ ታጠጪዋለሽ፣ ትጠብቂዋለሽ። መጠበቅ ነበር ጨዋታው!» በደስታው ብዛት አንቱታውን ረስቶት ነበር። እንጉርጉሮ በሩን ፈልቅቆ ሲከፍት አሮጊቷ አልወጣም አሉ። «ቆይ እስቲ ልጄ፣ ይጨርስልኝ» ብለው ሩብ ሰዓት ቆመው ሰሙት። ሌሎቹ የሕንጻው ሰዎች በደረጃ ወጡ።

በመሣሪያ ቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የሊቁ የምርጦች ዝርዝር ተለጥፏል። ዐሥረኛው «ሰባተኛው መሰላል» ነው፤ «መውደቅን የሚያስተምር ጌም፤ ከወደቅህ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ይቅርታ አትጠይቀኝ ይልሃል»። ስምንተኛው «የጨው ነጋዴው» ነው፤ የተመረጠውም ሱቅ ሲገባ ለምትሰማው ለአንዲት አጭር ዜማ ሲባል ብቻ። ሁለተኛው «የመብራት ጠባቂው» ነው፤ ጠላት የለውም፣ መርከብም አይመጣም፣ መብራት ማብራት ብቻ ነው። በየደረጃው ቀስት እያሳየ «በዚህ ሂድ» የሚል ጌም ግን ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። «ሰው አያከብርም» ይላል፣ ግራ አውራ ጣቱ እየፈጠነ።

አንደኛው ቦታ ባዶ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ባዶ ነው።

«ኧረ በናትህ፣ አንደኛው ማነው?» እያለ እንጉርጉሮ በየጊዜው ይጨቀጭቀዋል።

«አልተጨረሰም» ይላል ሊቁ። ወሬ የማያልቅበት ሰው፣ እዚህች ላይ አንዲት ቃል አይጨምርም።

ሌላም ጠባይ አለው። የትኛውንም በር ከመክፈቱ፣ የትኛውንም ሽቦ ከመንካቱ በፊት ደብተር አውጥቶ ያየውን ሁሉ ይጽፋል፦ የቱ ሽቦ ከየት እንደታሰረ፣ ፍሬኑ ስንት እንደተበላ፣ በሩ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ። ቀን ያደርግበታል፣ ይፈርምበታል። «ሴቭ ሳታደርግ በር አትክፈት። ብታበላሸው ወዴት ትመለሳለህ?» ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። አለቃቸው፣ ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ «እዚህ ድርጅት መዝገብ ያለው አንድ ነው፣ እሱም እኔ ጋ ነው! ጊዜ አታባክን» ብለው ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀውታል። እንጉርጉሮም በነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ስንት ግጥም ገጥሞበታል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጋሼ ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡ። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ የአምስት ዓመት የጥገና መዝገብ አይቶ ፈቃድ ያድሳል፣ ወይም ይዘጋል። መዝገቡ ደግሞ ምድር ቤት ነበር፤ ምድር ቤት ደግሞ ቧንቧ ፈንድቷል። ጋሼ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት እንደ ተቦካ ሊጥ ተዘረጋ።

ድርጅቱ ከተዘጋ ሊቁ ሩቅ ወዳለ ፋብሪካ፣ እንጉርጉሮ ወደ ሚስቱ ወንድም የቀለም መሸጫ። እንጉርጉሮ ራሱን በዚያ ሱቅ ውስጥ አሰበው፦ ጸጥታ። ስለ ጎመን የሚያወራ የለም። ግጥሙን የሚያርምበት የለም። እልል ሊል ይገባው ነበር። ይልቁንስ ምሳውን ሳይነካ ከደነው።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ፈገግታዋን ቢሮ ቆልፋበት የወጣች ሴት። መጀመሪያ ሊፍቱን ልየው አለች። ከጋሼና ከሁለቱ ጠጋኞች ጋር አራት ሆነው ገቡ። ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርሱ የሊቁ አውራ ጣቶች መንቀሳቀስ ጀመሩ። እንጉርጉሮ ክንዱን ቆነጠጠው። ምን ዋጋ አለው!

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን ጌም ይወዳሉ?»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ሴትየዋ ወለሉን አየች። «በምሳ ሰዓት…» አለች ቀስ ብላ፣ «ኳሶቹን በየቀለማቸው የምደረድርበትን። ሺህ ሦስት መቶ አርባኛው ደረጃ ላይ ነኝ።»

«እኔ አልፈርድም፤ ግን…» እንጉርጉሮ እግሩን ረገጠው። «…ሦስት ከአሥር።»

«ሦስት?» አለች። ሊፍቱ ውስጥ በረዶ የገባ መሰለ። «መዝገቡን አምጡልኝ።»

ቢሮ ሲገቡ ጋሼ ያንን ሊጥ አሳዩዋት። በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ገጽ ልትገልጥ ሞከረች፤ ገጹ ከነእስክሪብቶው ተያይዞ መጣ። «እንግዲህ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

የዚያን ጊዜ እንጉርጉሮ ብድግ አለ። «ደብተሮቹ! ሊቁ፣ ደብተሮችህ!»

ሊቁ ነጣ። «አይሆንም። የግል አስተያየቴ ነው።»

ጋሼ እንኳ አፋቸውን ከፈቱ። አሮጊት በሊፍት ውስጥ አግቶ አስተያየቱን ያሰማ ሰው፣ ለሐኪም ለሚስት ያልተመለሰ ሰው፣ ዛሬ የግሌ ነው ይላል! እንጉርጉሮ መልስ አልጠበቀም፤ አሥራ ሁለቱን ፎቅ በእግሩ ወጣ፣ ምክንያቱም ሊቁ ሊፍቱን ሊያቆምበት ይችላል። ከሞተር ክፍሉ ሃያ ሦስት ደብተር ታቅፎ፣ እያለከለከ ተመለሰ።

ተቆጣጣሪዋ አንዱን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። «ሦስተኛ ፎቅ፣ በር፦ ለመዝጋት ስድስት ሰከንድ፣ ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ምንጩ የላላ ብሎን፣ ጠበቀ። ልክ በሰባተኛው መሰላል ከዘለልክ በኋላ እንደምትጠብቃት ቅጽበት። አራት ከአሥር። ከጥገና በኋላ፦ ስምንት።» ገለጠች። ቀን አለ፣ ፊርማ አለ። አንዲት ብሎን አልተረሳችም፤ አንድ የጎመን ነገርም አልተረሳም። ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ወደ መጨረሻው ደብተር፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደች።

«እሱን ይተዉት» አለ ሊቁ። ሁለቱም አውራ ጣቶቹ ቀጥ ብለው ነበር።

እሷ ግን ጮክ ብላ አነበበችው።

«አንደኛ፦ ሊፍት። ለሁለት ተጫዋች። ሥዕሉ ጨለማ ነው፣ ድምፁ ይንቋቋል፣ ሴቭ የሚደረገው በእጅ ነው። ሁለተኛው ተጫዋች መፍቻ ይጥላል፣ ሲያንጎራጉር ሥራ ይረሳል፣ ግጥሙ መሐሉ ላይ ይጎተታል። ያለ እሱ ግን ከምድር ቤት አልወጣም ነበር። አልተጨረሰም፤ ባይጨረስም ደስ ይለኛል። አሥር ከአሥር።»

ሊቁ ጣሪያውን እንደ አዲስ መረመረ። እንጉርጉሮ የሆነ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ምናልባት ቅባት።

ተቆጣጣሪዋ በየደብተሩ ማህተሟን መታች። በመጨረሻው ላይ ከፊርማዋ ሥር አንዲት መስመር ጨምራ ሄደች፦ «ኳሶቹ ሦስት አይደሉም፤ ቢያንስ ስድስት ናቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ከሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቆመው ገመድ ይቀቡ ነበር። ሊቁ ኳስ መደርደር ለምን ስድስት ሊሆን እንደማይችል ያስረዳል። እንጉርጉሮ አላቋረጠውም፤ ጊዜ ጠብቆ ብቻ እንዲህ ሲል አወረደ፦

ፎቅ ለፎቅ ስንዞር ጠቁሮ ቀረ እጃችን፣
አሥር ከአሥር ሆነ አብሮ መውደቃችን።

«አንተ ሰው!» ብለው ጋሼ ከታች ጮኹ፣ በሊፍቱ ውስጥ ሆነው። «እላዬ ላይ ቆመህ ስለ መውደቅ ትዘፍናለህ?»

ሊቁ ብሩሹን አስቀመጠ። ቀኝ አውራ ጣቱ በአየር ላይ ፈጠነች።

«እኔ አልፈርድም» አለ። «ግን ይቺ ሰባት ናት።»